ስሄድ 10 ሰዓት፣ ስመለስ 20 ሰዓት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ የአውሮፕላን ናቸው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁሌም እንዲህ ነው። ልጅ ወላጁን ይጠራል፣ ወላጅ ሻንጣውን በበርበሬና በሽሮ ይሞላል፣ ከዚያ ትኬቱን አውጥቶ ማንበብ ሲጀምር ግራ ይገባዋል። እኔ አብራሪ አይደለሁም። ግን ለዓመታት ትኬት ቢሮ ቁጭ ብዬ ትኬት ስቆርጥ ስለኖርኩ ሰው የት የት ላይ እንደሚሳሳት አውቃለሁ። አንዳንዱን ስህተት ራሴም ሠርቼዋለሁ፣ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ64 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው ደሴ ነው። ልጄ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ልትወልድ ስለሆነ ላርሳት ልሄድ ነው። ትኬቱ ላይ ከቦሌ የምነሳው ሰኞ 22:30፣ ዋሽንግተን የምደርሰው ማክሰኞ 08:30 ይላል። በጣቴ ስቆጥረው 10 ሰዓት ነው። ስመለስ ግን ከዚያ 11:00 ተነስቼ ቦሌ የምገባው በማግሥቱ 07:00 ነው፤ ይሄ 20 ሰዓት ሆነብኝ። ልጄ ደግሞ በስልክ «እማዬ፣ ስትመጪ ነው የሚረዝመው» ትለኛለች። ማናችን ነን የተሳሳትነው? ጉልበቴን ያመኛል፤ ስንት ሰዓት እንደምቀመጥ ማወቅ አለብኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ልጅዎ ልክ ናት። እርስዎም አቆጣጠርዎ ልክ ነው፣ ግን የቆጠሩት የሁለት አገር ሰዓት ነው።

ትኬት ላይ የመነሻው ሰዓት የመነሻው አገር ነው፣ የመድረሻው ሰዓት ደግሞ የመድረሻው አገር። አሁን ባለው ወቅት ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እርስዎ እዚያ ደርሰው 08:30 ሲሉ፣ ደሴ ያሉት ጎረቤቶችዎ 15:30 ላይ ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9:30። ከሰኞ ምሽት 4:30 እስከ ማክሰኞ ቀን 9:30 ይቁጠሩት፣ 17 ሰዓት ይመጣል። ሲመለሱ ደግሞ ከዋሽንግተን ሲነሱ እኛ ጋ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ ቦሌ የሚገቡት ጠዋት 1 ሰዓት። 13 ሰዓት ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ 10 እና 20 የነበረው፣ በወንበር ላይ ሲቀመጡት 17 እና 13 ይሆናል። ድምሩን ካዩት ግን ሁለቱም 30 ነው፤ የሰዓት ልዩነቱ ሲሄዱ የሰረቀውን ሲመለሱ ይመልሳል።

ከኅዳር እስከ መጋቢት አካባቢ ከሄዱ ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ይመልሱታል። እኛ አንነካውም።

አሁን ዋናው ነገር። መንገዱ ያው አንድ ነው፤ ታዲያ መሄጃው ለምን በ4 ሰዓት ይረዝማል? ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ቦሌ፣ ሁለተኛው ነፋስ።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ያለ አየር ማረፊያ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ገደማው የለም። እኛ ለምደነው አይታወቀንም እንጂ ከቆላ የመጣ ሰው ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። አውሮፕላኑም እንደዚያው ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ያንሰዋል፣ ክንፉም የሚያነሳው አየር ያንሰዋል፣ ስለዚህ ከመሬት ለመነሳት ከሌላ ቦታ የበለጠ መፍጠን አለበት፤ ለመፍጠን ደግሞ ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፣ ጎማውም የራሱ የፍጥነት ልክ አለው። የቦሌ ትልቁ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው፣ አጭር የሚባል አይደለም። ግን እሱም አይበቃም። ያለው አማራጭ ክብደት መቀነስ ነው። መንገደኛ ከሚያስቀሩ፣ ሻንጣ ከሚያስቀሩ፣ ነዳጅ ቀንሰው ይነሱና መንገድ ላይ ይቀዳሉ። ድሪምላይነር የሚባለው አውሮፕላን በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ይጠጣል፤ ለዋሽንግተን የሚበቃውን ይዞ ልነሳ ቢል የነዳጁ ክብደት ብቻ 70 ቶን ያልፋል፣ ለመጠባበቂያ የሚያዘው ሳይቆጠር።

ስለዚህ ወደዚያ ሲሄዱ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ያርፋል። ባለፉት ዓመታት አየርላንድ ደብሊን፣ ቶጎ ሎሜ እያለ ቦታው ይለዋወጣል። ለነዳጅ ብቻ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከወንበርዎ አይወርዱም፤ እንዳይደነግጡ፣ ደረስን ብለውም ሻንጣ እንዳያወርዱ። ይሄን የምለው በምክንያት ነው፣ ደብሊን ላይ «ልጄ የታለች?» ያሉ እናት አውቃለሁ።

ሲመለሱ ግን የሚነሱበት አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል 95 ሜትር ቢሆን ነው። አየሩ ወፍራም ነው፣ ነዳጁን ሞልቶ በአንድ ትንፋሽ ቦሌ ይገባል። ነፋሱም ያግዘዋል። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ በሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ ጄት ስትሪም ይሉታል። በብርድ ወራት ይብሳል፣ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ መንፈሱ የተለመደ ነው። ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገፋዎታል፣ ሲመለሱ ከኋላ ያዝልዎታል።

ስለ ጉልበትዎ፦ ልጅዎ አሁኑኑ ደውላ ኮሪደር በኩል ያለ ወንበር ትያዝልዎት። በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ወደ ኋላ ወዲህ ወዲያ ይበሉ፣ ውኃ ይጠጡ። ዊልቸርም ታስይዝልዎት። ማፈር የለም፣ ገንዘብ አያስከፍልም፤ ደግሞ ዋሽንግተን ሲደርሱ የሚገፋዎት ሰው ነው ኢሚግሬሽኑን፣ ሻንጣውን፣ ሁሉን የሚያሳይዎት።

አንድ ነገር ልጨምር። የዋሽንግተኑ አየር ማረፊያ ስሙ ደለስ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ዳላስ የሚባል ከተማ አለ፣ ሐበሻም ሞልቶታል። በእኛ አፍ ሁለቱም አንድ ናቸው። በሁለቱ መካከል ግን 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ሰው «የት ነው የሚሄዱት?» ሲልዎት «ዋሽንግተን» ይበሉና ይገላገሉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ሐዋሳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ነው ብዬ ስፈልግ አንዱ 11,563 ይለኛል፣ አንዱ 7,185፣ ሌላው 6,243። ደግሞ በስልኬ የበረራ ካርታ ሳይ አውሮፕላኑ አትላንቲክን በቀጥታ እንደማቋረጥ ወደ አውሮፓ ይወጣል። ዝም ብሎ ዙሪያ ጥምጥም አይደለም?

መልስ፦ ሦስቱም ልክ ናቸው፣ መስፈሪያው ነው የተለያየው። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ነው። ሁለተኛው አሜሪካኖች መኪና ሲነዱ የሚቆጥሩበት ማይል፣ 1,609 ሜትር። ሦስተኛው የባሕርና የአየር ሰዎች ማይል፣ 1,852 ሜትር። አብራሪዎች የሚያወሩት በሦስተኛው ነው። ማይል ስትሰማ የትኛው ብለህ ጠይቅ፣ አለዚያ 900 ማይል ይጠፋብሃል።

ካርታውን በተመለከተ፣ ያታለለህ የግድግዳው ካርታ ነው። ምድር ሉል ናት፣ ካርታ ግን ጠፍጣፋ ወረቀት ነው፤ ብርቱካን ልጠህ ልጣጩን ጠረጴዛ ላይ ልታነጥፍ ሞክር፣ ወይ ይቀደዳል ወይ ይለጠጣል። ካርታም ሰሜኑ አካባቢ ይለጠጣል። ትምህርት ቤት ውስጥ ሉል ካለ ክር ይዘህ ሂድ። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ያዝና ወጥረው። ክሩ አጭሩን መንገድ ራሱ ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ ሲነሳ ወደ ምዕራብ አይሄድም፣ በሰሜንና በምዕራብ መሃል ይተኩሳል፤ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ አድርጎ ሜዲትራኒያንን ይሻገርና ስፔን ይገባል። የጉዞው ትክክለኛ እኩሌታ የት እንደሚወድቅ ታውቃለህ? ፖርቱጋል! እኔም መጀመሪያ ሳሰላው አላመንኩም፣ ሁለቴ ደገምኩት። ማስመሪያ ወስደህ በጠፍጣፋው ካርታ ላይ ብታሰምር ግን እኩሌታው ከምዕራብ ሰሃራ ወዲያ ውቅያኖስ ውስጥ ነው።

እና ለነዳጅ ደብሊን መውረድ ሰው እንደሚያስበው ትልቅ ዙር አይደለም። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደብሊን ዋሽንግተን 5,460 ገደማ። ደምረው። ከቀጥታው መንገድ የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ እንደማለት። በሎሜ ከሆነ ግን ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይጨምራል፣ ካርታ ላይ ሲታይ ቀና የሚመስለው እሱ ሆኖ ሳለ።

ይህ ሁሉ የክሩ ሂሳብ ነው፤ አውሮፕላን ግን በክር አይሄድም። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሳ ወዲህ አብዛኛው የዚያ አገር ሰማይ ለመንገደኛ በረራ ተዘግቶ ቆይቷል፣ አብራሪዎችም በቀይ ባሕር በኩል መዞር ግድ ሆኖባቸዋል። አንዳንዱ ቀን ደግሞ ነፋሱን ለመሸሽ ሆን ብለው ይዞራሉ፤ ርቀቱ ቢጨምርም ሰዓቱ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ርቀቱን በ900 አካፍለህ ሰዓቱን አገኘሁ ማለት የማይሠራው። ወረቀቱ ላይ 13 ሰዓት ሊልህ ይችላል፣ እውነቱን የሚያውቀው የዕለቱ ነፋስ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ደግሞ መሬት ላይ የሚንቀራፈፍበትንም ይጨምራል፤ ከበር ተነስቶ በር እስኪቆም ነው።

ጥያቄ፦ እህቴን ወደ ዱባይ ለመሸኘት ነበር። ትኬቱ ረቡዕ 00:40 ይላል። ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ላይ በራሴ ታክሲ ቦሌ አደረስኳት። «በረራሽ ትናንት ሄዷል» አሏት። ትናንት እንዴት ይሆናል? ረቡዕ አይደል እንዴ? ቤተሰቡ በሙሉ እኔን ነው የሚወቅሰው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም። ትኬት ቢሮ በነበርኩበት ጊዜ ሰው በብዛት በረራ የሚያመልጠው በመንገድ መዘጋጋት አልነበረም፣ በዚችው በ00 ነገር ነበር።

ለእኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ረቡዕ ስንል ረቡዕ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነሳል፣ የረቡዕ ሌሊት ደግሞ ከረቡዕ ቀን በኋላ ይመጣል። የትኬቱ ረቡዕ ግን የሚጀምረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፣ ማክሰኞ ማታ እንቅልፍ ላይ እያለህ። 00:40 ማለት ቀኑ ከገባ 40 ደቂቃ ብቻ ነው። አያቶቻችን ለዚህ ጥሩ ቃል ነበራቸው፦ «ለረቡዕ አጥቢያ»። ቃሉ የትኬት ቢሮ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል።

እና የምመክርህ እንዲህ ነው። ሰዓቱ በ00፣ በ01፣ በ02 ወይም በ03 የሚጀምር ትኬት ስታይ ከቀኑ ላይ አንድ ቀንስና «በዚያ ቀን ማታ እራት በልተን እንወጣለን» በል። ረቡዕ 00:40 ከሆነ ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ መገኘት አለባችሁ። ወደ እኛ ሰዓት ለመቀየር ከ7:00 እስከ 18:59 ያለውን 6 ቀንስለት፣ ከ19:00 ጀምሮ ከሆነ 18 ቀንስለት፣ ከ7:00 በታች ከሆነ 6 ጨምርለት። 22:30 ከምሽቱ 4:30፣ 00:40 ከሌሊቱ 6:40።

እኔ ራሴ የሠራሁትን ልንገርህ። አንድ ደንበኛ ነበሩ፣ ሽማግሌ ሰው። ትኬታቸው እንደ እህትህ ነበር። ረዳኋቸው ብዬ ፖስታው ላይ በእጄ «ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6:40» ብዬ ጻፍኩላቸው። ሰውዬው እንደ ሐበሻ አነበቡትና በ24 ሰዓት ዘግይተው መጡ። የእኔ ጽሑፍ ነው ያስቀራቸው። የቅጣቱን ግማሽ ከደመወዜ ከፈልኩ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ማክሰኞ ማታ ከቤት ይውጡ» ብዬ ነው የምጽፈው።

የወሩን ነገርም አትርሳ። ሴፕቴምበርን መስከረም ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ሴፕቴምበር 20 ግን በአብዛኛው ዓመት መስከረም 10 ነው። ቤተሰብ «መስከረም 20 ትሄዳለች» ብሎ ድግስ ሲያሰናዳ ልጅቷ ከሄደች ዐሥር ቀን አልፏት ይሆናል።

ዱባይ ቅርብ ናት፣ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 4 ሰዓት ያህል። እሷ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች፣ ስለዚህ ትኬቱ ላይ ስትሄድ 5፣ ስትመለስ 3 ይመስላል። ዘጠና በመቶው ጥፋት ያንተ አይደለም፣ ዐሥሩ ግን ነው፤ ቢያንስ ደውለህ አልጠየቅህም።

ጥያቄ፦ ከእስራኤል፣ ከነታንያ ከተማ ነው የምጽፈው። አዲስ አበባ ስመላለስ በክረምት ትኬት 4 ሰዓት ሄጄ 4 ሰዓት እመለሳለሁ፣ ታኅሣሥ ላይ ግን ወደ አዲስ አበባ 5፣ ወደዚህ 3 ይላል። አውሮፕላኑ ይለወጣል?

መልስ፦ አይለወጥም የእኔ እህት። እስራኤል ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ገደማ ሰዓቷን ስለምትገፋ ከእኛ ጋር እኩል ናት፤ ከዚያ ትመልሰዋለች፣ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። መንገዱ ሁልጊዜም 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጉዞው 4 ሰዓት ያህል። ደግሞም መንገዱ ደቡብና ሰሜን ስለሆነ ያ የአሜሪካው ነፋስ እንደዚያ አያስቸግራችሁም። ሰዓት ተገፍቶ ሲመለስ በዚያው ቀን የምትበሪ ከሆነ ብቻ ትኬቱን ደግመሽ እዪው።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን አጠገብ፣ አርሊንግተን ነው የምኖረው። አየር መንገዱ ከአፍሪካ ቀድሞ ድሪምላይነር አስመጣ፣ ኤርባስ 350 አስመጣ። እስከ አሁን ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለምን አያመጣንም? ሲንጋፖር ኒው ዮርክ ድረስ በቀጥታ ይበር የለ?

መልስ፦ ይበራል፣ ከ15,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከ18 ሰዓት ይበልጣል። ግን ሲንጋፖር አየር ማረፊያው ባሕሩ ጠርዝ ላይ ነው። ያንኑ አውሮፕላን ቦሌ አምጥተህ ሙላው ብትል አይነሳልህም። ድሪምላይነርም ሆነ ኤርባስ 350 ፋብሪካው የፈቀደላቸው የመነሻ ክብደት አለ፤ ለድሪምላይነር 787-8 ወደ 228 ቶን፣ ለኤርባሱ 280 ቶን አካባቢ። ያ ቁጥር ግን ለቆላ ነው፣ ቦሌ ላይ ሙሉውን ማግኘት አይቻልም። ረጅም በረራዎች በማታ መነሳታቸው በዚህ በኩል ይጠቅማል፤ ሌሊት አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ትንሽ ይወፍራል፣ አውሮፕላኑም ትንሽ ተጨማሪ ይሸከማል። ትንሽ ነው እንጂ ተአምር አይደለም።

ቢሾፍቱ የሚሠራው አዲሱ አየር ማረፊያ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ቀላል እንዳይመስልህ፣ በአውሮፕላን ሂሳብ 400 ሜትር ብዙ ቶን ነው። ግን እሱም ያው ደጋ ነው፣ የፊት ለፊቱም ነፋስ የትም አይሄድም። እስከዚያው በቀጥታ መብረር ከፈለግህ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ በሚመጣው ተሳፈር። መመለሻህን ደግሞ እዚህ ከርመህ ታስብበታለህ።